አንድን ሰባት ብዬ

ሰኔ ሊያልቅ ሲል ነው። መብራቱ ሦስት ጊዜ ሄዶ ተመለሰ፣
ጣናም ከመስኮቱ ማዶ እንደ ወተት ሻይ ደፈራረሰ።
ፈንታነሽ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠግታ
«ተጫነው» አለችኝ፣ ጣቷን ዘርግታ።

የጀልባ ምርመራ መዝገብ ነው በሙሉ፤
ሞተሩ፣ ቀዘፋው፣ ስንት ሰው መጫኑ፣
የመንሳፈፊያው ጃኬት ቁጥሩና ዘመኑ።
ዐሥር ዓመት ይቀመጥ፣ ሳይፋቅ፣ ይላል ደንቡ።

ማሽኑ ጠየቀኝ፦ «እርግጠኛ ነህ?
ማርዘም እንጂ ማሳጠር የለም ከቆለፍህ።»
ምሳ ሰዓት ደርሷል፣ ርቦኛል፤ ስለዚህ
እርግጠኛ ነበርሁ።
ከደንቡ ስም ጎን አንዲት ትንሽ ጓጉንቸር
ብቅ አለች፤ ግራጫ፣ ከዝንብ የማትበልጥ።

በወረቀት ዘመን ማን ይቆልፍ ነበር?
ምስጡ ከሥር ይበላል፣ ዝናቡ ከላይ፣
አይጡም ከመሐል፤ አንዳንዴም ሰው።
«ለጊዜው የለም» የተባለ ፋይል
እስከ ዛሬ የለም።

ሐሙስ ዕለት አየኋት።
መርማሪው አቶ እንየው አንድ ሲጽፍ
አፍንጫ ያበጅላታል፤
አፍንጫዋን ያየ ሰባት ይላታል።
እኔም ብያታለሁ፣ መጋቢት ላይ።
«ጮራ»፣ የሻረው ጀልባ፣ ቀለሟ የለቀቀው፣
ሰባት ሰው ትጭናለች፤ ጃኬቷ አንድ ነበር።

ሦስት ወር ሙሉ ወደ ዘጌ ተሻገሩ፣
ሰባት ሰው፣ ደግሞ ሰባት ሰው፣
አንዱ ጃኬት ለብሶ፣
ስድስቱ የእኔን ቁጥር ለብሰው።
ማንም አልሰጠመም፤ እግዜር ይመስገን።
ሐይቁ ተኝቶ ነው እንጂ
የእኔ ሰባት ማንን ታንሳፍፋለች?

«አጥፊልኝ፣ አንዲት ቁጥር ናት» አልኋት።
«አንተው ነህ የቆለፍኸው» አለች ፈንታነሽ።
«እኔ አልችል፣ ኃላፊው አይችል፣
ከእሱ በላይ ያለው ቢመጣም አይችል።
ሃያ ዓመት ይሁንልኝ ካልህ ግን
አሁኑኑ፣ በደቂቃ።»
ሳቀች። እኔ የሳቅሁት ማታ ነው፣ አልጋዬ ላይ።

ልጅ ሳለሁ ከአጎቴ ጋር በታንኳ
ደሴት ገዳም ሄደን፣
መሪጌታው ብራናውን ወደ ብርሃን አዘንብሎ
የተፋቀ የርስት ቃል አሳየን።
ቀለሙ የለም፤ ጠባሳው ያበራል።
ከግርጌ «የፋቀ ውጉዝ ይሁን» ተብሎ ተጽፏል፤
የፋቂው ስም ግን የትም የለም።

የእኔ ስም አለ። ከቁጥሯ ጎን፣
መዝጋቢ፦ ይበልጣል።
አንድ ሰባት ሆና፣ ከሥሯ «ይበልጣል»!
እናቴ ስሜን ስታወጣ
ይህን አላሰበችም።

«እንግዲያው ከሥሯ ጻፍ» አለች። ጻፍሁ፦
ከላይ ያለችው ሰባት አንድ ናት።
የሳትሁት እኔ ነኝ።
ያቺም ወዲያው ተቆለፈች።
ሻረው ወደቡ ላይ ሰደበኝ፤ ስድብ ሲያልቅበት
ስድስት ጃኬት ገዛ፣ ከነላስቲካቸው።

ዐሥር ዓመት ሲሞላ፣ በደረቅ መጋቢት፣
ያ ደመና ይዘንባል፤ ስሕተቴ ትወርዳለች፣
የማንም እጅ ሳይነካት።
እርማቷ ግን በሰኔ ነው የተጻፈችው፤
ሦስት ወር ሙሉ፣ ብቻዋን፣ እዚያ ላይ፣
የሌለችውን ሰባት አንድ ናት ስትል ትቆያለች።
ማን ይሰማታል? እንጃ።

እስከዚያው ምሳዬን ይዤ ወደብ እወርዳለሁ።
«ጮራ» ከዳር ስትላቀቅ
ብርቱካን ብርቱካኑን እቆጥራለሁ፦
አንድ፣ አፍንጫ የሌላት፣
ሁለት፣ ሦስት፣
አራት፣ ከሕፃን ጋር፣
አምስት።
ስድስት ላይ ሁልጊዜ
ትንፋሼን እይዛለሁ።