ከአንድ እስከ አምስት

መጠይቁን ያመጣው አንድ ተማሪ ነው፣
ላቡን በእጅጌው እየጠረገ።
«አምስት ደቂቃ ብቻ፣ ዶክተር» አለና
ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ አልተደገፈም።
የመጀመሪያዎቹን ሳልተነፍስ ሞላሁ።
የአገልግሎት ዘመን፦ ዘጠኝ።
የፊት ጥርስ፣ ሥሩ አንድ፣ መንገዱ ቀጥ ያለ፦
አምስት፤ ምን ጥያቄ አለው።
አሥራ አራተኛው ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ።
«የመንጋጋ ጥርስ የሥር ሕክምና ሲሠሩ
በራስዎ ምን ያህል ይተማመናሉ?
አንዱን ቁጥር ያክብቡ።»

ከዚራ ላይ ሰባት ሰዓት ነው፤
የዛፉ ጥላ ራሱ ጥላ ፈልጎ ግድግዳ ሥር ገብቷል።
መብራት የለም፤ ጄኔሬተሩ ያጓራል።
የማስበው ጋሽ ሙሜን ነው።

አርባ ዓመት የባቡር መካኒክ፣
የጋራዡን ዘይት ጥፍሩ ሥር ይዞ ጡረታ የወጣ፣
ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ የገባ ዕለት
«ንቀይው» አላለኝም። ሌላው ሁሉ የሚለው ያንን ነበር።
እኔም የምወደው ያንን ነበር፣ እውነቱን ልናገር፤
መንቀል ዐውቃለሁ፤ ጉጠቱ እጄን ለምዶታል።
ስንቱን መንጋጋ፣ መዳን የሚችለውን፣
«ዘግይቷል» ብዬ ነቀልሁት፤
የዘገየው ጥርሱ ነበር ወይስ እኔ?
ለአንዳንዱ ወረቀት ጽፌ «አዲስ አበባ ሂድ» አልሁ፤
ለአንድ ጥርስ አዲስ አበባ ማን ይሄዳል!
ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከታል፣
በወሩ አብጦ ይመጣል፣
እነቅላለሁ።

ጋሽ ሙሜ ግን «በዚህ ጎን ነው የምቅመው፤
ሌላው ጎን ባዶ ነው» አለኝ፤
«አቦ፣ ይችን እንኳ አትርፊልኝ።»

ላይኛው ስድስተኛ። ሥሩ ሦስት፤
ቦዩ ግን ብዙ ጊዜ አራት ነው፤
አራተኛው ቀጭን፣ በጉንጭ በኩል የተሸሸገ፣
እንደ ደቻቱ፤
በበጋ ሲያዩት አሸዋ፣ ፍየል የሚሻገረው፣
ልጆች ኳስ የሚያንከባልሉበት፤
ውሃው ግን መንገዱን አልረሳም፤
አንድ የነሐሴ ሌሊት ተራራው ላይ ሲዘንብ
መጥቶ በር ያንኳኳል።

አንደኛው ተገኘ፣ ላንቃው በኩል፣ ሰፊ።
ሁለተኛው ተገኘ።
ሦስተኛው ጠመዝማዛ፤ ከፀጉር የማይወፍር ሽቦ ስሰድበት
ትንፋሼን ያዝሁ፤
እንዲህ ያለ ሽቦ አንዴ ተሰብሮብኝ ያውቃል፣
በመጀመሪያው ዓመት፣ አንዲት የሳቢያን ልጅ ጥርስ ውስጥ።
ሸፍኜ ሞላሁት። አልነገርኋትም።
ዛሬም በሳቢያን ሳልፍ
የሚስቁ ሴቶችን ጥርስ አያለሁ።

አራተኛውን ሃያ ደቂቃ ፈለግሁ፣
በስልኬ መብራት ጭምር።
ጋሽ ሙሜ አፉ ላይ ጎማ ተወጥሮ፣ በዓይኑ ብቻ
የእጄን መንቀጥቀጥ ያያል፤
መካኒክ ነው፣ እጅ ያነብባል።
ጎማውን ሳነሳለት፣ ከንፈሩ ደንዝዞ፣ እየተኮላተፈ፣
«ሎኮሞቲቭ ስንፈታ» አለ፣
«አንድ ቡሎን ሁልጊዜ ይጠፋል።
ጠፋ ብለን መዝገብ ላይ እንጽፋለን።
አለቃችን የሚያባርረው
ያልጻፈውን እንጂ ያጠፋውን አልነበረም።»
ምራቁን ተፋና ሂሳብ ጠየቀ።

ካርዱ ላይ ጻፍሁ፦
«ሦስቱ ተሞልተዋል። አራተኛው አልተገኘም።»
ጮክ ብዬ አነበብሁለት። በዘጠኝ ዓመት
የመጀመሪያዬ ነው።

ስምንት ወር ሆነው፤ አልተመለሰም።
ማክሰኞ ዕለት ከባጃጅ ውስጥ አየሁት፣
ጉንጩ በጫት የእንቁላል ያህል ተወጥሮ፤
እጁን አነሳልኝ።
የቱ ጉንጭ እንደሆነ ሳልለይ አለፍን።

«ዶክተር፣ ቀረዎት?» ይላል ተማሪው።
አራትን ላከብብ ስል ያች የሳቢያን ልጅ፣
ሦስትን ላከብብ ስል ጋሽ ሙሜ፤
እስክሪብቶው በመካከላቸው ቆሞ
የምስር ፍሬ የሚያህል ነጥብ ጣለ።

ወረቀቱን አዙሮ አየው።
«ኮምፒውተሩ ነጥብ አይቀበልም እኮ፣ ዶክተር፤
ምን ብዬ ላስገባው?»

«አልተገኘም በልበት» አልሁት።