የማይበላ ቅጠል

ደጀን፣ ማደያው ዳር፣ ናፍጣ በጠገበ አፈር፣
አዲስ መኪና ቆሟል፣ ቅጠል ተስሎበት በበር።
ከቅጠሉ ሥር ይላል፦ «ጭስ የለሽ፣ የምድር ወዳጅ»፤
የአንለይ ፍየል ቀርባ ላሰችው፤
ምን ቅጠል፣ ቀለም ነው እንጅ።

መብራት ሄዷል። ሻጩ ከረባቱን ትከሻው ላይ ጥሎ
ጄነሬተር አስነሳ፣ ገመድ ስቦ፣ ናፍጣ አክሎ።
ጭሱ በጓሮ ወጣ፣ መኪናው በፊት ሲያምር፤
አልሳቅሁም፤ የእኔም እንጀራ ሠላሳ ዓመት በጭስ ነበር።

ሊያሳየኝ ቁልቁል ነዳው፣ ከደጀን ወደ ቆላ፤
እውነት ነው፣ ፍሬን ሲይዝ ባትሪው ራሱን ሞላ።
ድልድዩ ጋ ወርጄ
«ቅጠሉስ ከየት ነው?» አልሁት፤ የፍየሏ ምራቅ አለ ላዩ ላይ።
ቀና ሳይል መለሰልኝ፣ ወንዙን እያየ፦ «ከዓባይ።»