ተጠጋ

እኔ የሚጣለው ነኝ።
ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ጎህ በቀደደ ቁጥር፣
ከጨርቃ ጨርቁ ማዶ፣ ጥጥ ይራገፍበት በነበረው መጋዘን ሥር፣
ጀርባዬን ለአንሙት ያበደርሁት፤
እሱ መጣል እንዲለምድ፣ እኔ መውደቅ የለመድሁት።

ምንጣፍ የሚሉት አልነበረንም።
ደንገል አጭደን፣ አድርቀን፣ በጆንያ ጠቅጥቀን፣
ሸራ አልብሰን፣ በወስፌ ሰፍተን፣
"ሜዳ" አልነው።
ታንኳ ሊሆን የበቀለው የእኛን ወገብ ተሸከመ፤
ክረምት ሲገባ ሻግቶ፣ ሐይቅ ሐይቅ እየሸተተ ከረመ።
ስዘረር
አፍንጫዬ ቀድሞኝ ጣና ይደርስ ነበር።

አሰልጣኝ ሞላልኝ፣ አንድ ጉልበቱ የማይታጠፍ፣
ፊሽካውን በጥርሱ ነክሶ፣ ከወንበሩ ሳያልፍ፣
ትምህርቱ አንድ ቃል ነው፦ "ተጠጋ!
በሩቅ ቆሞ የጣለ ማን አለ? ተጠጋ!
ደረትህ ደረቱን ይስማ፣
ሳይጠጉ መጣል የለም፤ ወሬ ነው፣ ሐሜት፣ አሉባልታ!"

ውድድር ሲቃረብ፣ ኪሎው እንቢ ሲል፣
የላስቲክ ካፖርት ደርቦ እስከ አባይ ድልድይ ይከንፋል፤
እኔ በብስክሌት ከኋላው፣ ውሃ ይዤ፣ ውሃ የምከለክል።
"አንድ ጉንጭ" ይለኛል። "መቶ ግራም ናት" እለዋለሁ።
ያ ሁሉ ጣና ጎኑ ተኝቶ
ከንፈሩ በጥማት ሲሰነጠቅ አይቻለሁ።

ጎንደር ላይ ጣለ፤ ደሴ ላይ ጣለ፤
አዲስ አበባ ላይ አንዱን ግዙፍ በአርባ ሴኮንድ ጠቀለለ።
እናቱ ደብሪቱ ሜዳልያውን ከዓሣ ሚዛኗ ላይ ጣል አድርጋ፣
"ሩብ ኪሎም አይሞላ!" አለች፤
ስቃ ስታበቃ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

ከዚያ የውጭ ውድድር። ደርሶ መልስ ትኬት፣ የሳምንት።
በሦስተኛው ሌሊት
በሆቴሉ ኩሽና በር፣ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ በካልሲ ብቻ
ወጣ።
ፌዴሬሽኑ "ከዳ" አለ። ሰፈሩ "በለጠ" አለ።
ደብሪቱ ምንም አላለች፤ ቀረሶ ስትፈቀፍቅ ዋለች፤
ማታ ስትገባ፣ አንዲት ቅርፊት ቅንድቧ ላይ ታበራ ነበር።

እኔ አውቃለሁ ለምን እንደ ሄደ።
ታናሽ ወንድሙን "ለአምስት ደቂቃ ነው" ብለው ከደጅ የወሰዱት ሰዎች፣
አምስት ደቂቃቸው እስከ ዛሬ አላለቀም።

አሁን ትግሉ በወንበር ነው፤ ጠረጴዛ መሀል ገብቶ።
መርማሪዋ መነጽሯን አውልቃ፣ ፋይሉን ገልጣ ዘግታ፣
"ጆሮህን" አለችው፣ "ማን ነው እንዲህ ያደረገው?"

ያን ጆሮ፣ ያን እንደ ደረቀ እንጉዳይ የተኮማተረውን፣
እኔ ነኝ። በጉልበቴ። አንድ ጥዋት፣ ሳላስበው፣
በስድስት ዓመት አንዴ ልጥለው ስል።

ይህን በስልክ ሲነግረኝ እጄ ላብ አላበው።
"እና ምን አልሃት?"
"ጓደኛዬ ነው አልኋት። በልምምድ።"
አስተርጓሚው ሳይቀር እስኪርቢቶውን አስቀምጦ አየው አሉ።
"አንተ ሞኝ!" ጮህሁበት፣
"የታጠቀ ሰው ነው አትልም? ጨለማ ክፍል ነው አትልም?
ካልሆነም እኔን ክፉ አድርገኝ፤ በእኔ ላይ ጣለው!
መውደቅ ሥራዬ አይደል? አንድ ብጨምር ምናለው?"
ሳቀ።
"እምቦጩ እስከ የት ደረሰ?" ሲለኝ
መስመሩ ተቆረጠ።

በወረቀት "ጥገኝነት ጠያቂ" ይሉታል አሉ።
ሞላልኝ ተጠጋ ሲለው ለመጣል ነበረ፤
ለመጠለል አልነበረ።

ዛሬ ጥዋት አንድ ልጅ መጣ፣ አሥራ አራት ቢሆነው ነው፣
ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ከጆንያው ጠርዝ ራቅ ብሎ ቆመ።
ጀርባዬን አፍታትቼ፣ ጎንበስ ብዬ
"ተጠጋ" አልሁት።
አልተጠጋም።
ዓይኑ ጆሮዬ ላይ ነበር።