በአባት ስም የተደረደረ

ሞጣ ሆስፒታል፣ ካርድ ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር ነው ወንበሬ፤
ይኸው ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ፣ ከአቧራና ከካርቦን ጋር ኖሬ።
የሐኪም ጭረት አነባለሁ፣
ሕመሙን ፊደልና ቁጥር አለብሳለሁ፣
በወር መጨረሻ ለዞን እልካለሁ።
ቅጹ ላይ ያለችው ሣጥን ጠባብ ናት፤
እንኳን ለቅሶ፣ ስም አይገባባት።

ሐምሌ ላይ ቆርቆሮው ተከፍቶ፣ ሌሊቱን ሲያፈስ አደረ፤
ጠዋት ብንገባ መደርደሪያው ከነካርዱ ርሶ ነበረ።
ሁሉንም አውጥተን፣ በተራው ሳይሆን በእርጥበቱ፣
እንደ ብቅል አሰጣነው፣ በአግዳሚ፣ በመስኮት፣ በመሬቱ።
ያን ዕለት ነው፣ በቁጥር ተራርቀው የኖሩ
ሦስት ልጆች አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን የሰፈሩ።

ስም ያልወጣለት፣ ወንድ። የአባት ስም፦ ዘላለም። ዕድሜ፦ ዘጠኝ ቀን።
«ትናንት ተገረዘ፤ ደሙ አልቆመም።»
ከሥሩ ኮድ፦ «ሌላ»። ከሱም ሥር በቀይ፦ «አርፏል»።

ምትኩ ዘላለም። ዕድሜ፦ ስድስት።
«ጥርሱ ወለቀ፤ ሦስት ቀን ደማ።» ኮድ፦ «የአፍ ቁስል»።

አንሙት ታረቀኝ። ዕድሜ፦ ዐሥር።
«ጉልበቱ አብጧል፤ ወድቆ ይሆናል።» ኮድ፦ «ጉዳት»።

ሦስቱም የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው። የእኔው የ«ጉ» እግር፣ የእኔው ጠማማ «ቁ»።
አድራሻቸው አንድ፣ ቀራንዮ። «አስታማሚ» በሚለው ግርጌ
ሁለት ዓይነት የአውራ ጣት ቀለም፦
ውድነሽ ሙሉሰው። ስመኝ ሙሉሰው።
እኅትማማቾች።

ለርስት ሙግት ሲሆን እናት ተረስታ አታውቅም፤
በእሷ በኩል ሰባት ቤት ሳይቆጥር ጎጃሜ ዳኛ ፊት አይቆምም።
ለደም ሲሆን ግን ካርዳችን የአባት ስም ጠይቆ ያልፋል፤
ደሙም በማይጠየቅበት በር ገብቶ ወንድ ወንዱን ይለቅማል።
«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ሲሉ ሰምቼ ነው ያደግሁ፤
ይኸው እኔ የጻፍሁት ተረስቶ፣
የተወረሰው ያልጻፍሁት ሆነ።

ዶክተር ሶስና ካርዶቹን እርጥብ እንዳሉ ተቀበለችኝ፤
አንብባ ዝም አለች። «እናቶቹን ጥራልኝ» አለችኝ።
የልጆቹ ደም በብልቃጥ፣ በበረዶ ሣጥን፣ በአዴት በኩል ባሕር ዳር ሄደ።
መልሱ በጥቅምት መጣ። ደም የሚያረጋው ስምንተኛው ፋክተር
ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላ፤ ከእናት የወረደ፣ ከዘር።
ኮዱ፦ ዲ ስድሳ ስድስት። አንድ ፊደል፣ ሁለት ቁጥር።

ኅዳር ላይ ውድነሽ እዚሁ ወለደች፤ ዘላለም ካርድ ሊያወጣ መጣ።
«የልጁ ስም?»
«ቢያድግልኝ።»
ብዕሬ አየር ላይ ቀረ።
ምትኩ። አንሙት። ቢያድግልኝ።
ለካስ እኔ «ሌላ» ስል፣ እነሱ ቀድመውኝ ኮድ ሰጥተው ነበር፤
የበሽታውን ስም ባያውቁት፣ ፍርሃቱን ልጆቹ ላይ ጽፈው ነበር።
«የእናትየዋስ ስም?» አልሁት።
«እሱ ደግሞ ምን ይሠራል?» ብሎ ሣቀ።
መስመር ስለሌለው ኅዳጉ ላይ ጻፍሁት። ከአናቱ በቀይ፦
«ሳይመረመር እንዳይገረዝ። ጡንቻው ላይ እንዳይወጋ።»

ማታ፣ ሰው ሁሉ ሲወጣ፣ የዘጠኝ ቀኑን ካርድ አወጣሁ፤
ጠርዙ የሐምሌን ውኃ እንደ ያዘ ተጨማድዷል።
ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦ ስሕተት አይፋቅም፣ አይደለዝም፤
የነበረው እየተነበበ በአንዲት ሰረዝ ይሻራል እንጂ አይጠፋም።
«ሌላ»ን ሰረዝሁ። ዲ ስድሳ ስድስት። ቀን። ፊርማ።
ከጎኑ ዶክተር ሶስና ፈረመች።
«ስም» በሚለው ባዶ ቦታ፣ ማንም ሳያዘኝ፣
«የውድነሽ ልጅ» ብዬ ሞላሁ።