ሁለት ፊደል ያለበት መፍቻ

አርባ ሁለት ፍሬ ነበር፣ ከነሻንጣው፣ ከነቁልፉ፣
እንደ ሙሽራ ጥርስ ያበራል ተደርድሮ በየሰልፉ።
አጂፕ አካባቢ ካለ ሱቅ፣ ከመስታወት ኋላ አየሁት፣
«ምን ይጎድለዋል?» አልኩና የወሩን አስቤዛ ከፈልኩበት።
የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ቁጥር ሲበዛ ደስ ይለኛል፣
ዋጋውን ለአርባ ሁለት ሳካፍል ርካሽ ሆኖ ታይቶኛል።

ቤቴ ከአዌቱ ማዶ ነው፤ ግቢዬ ውስጥ፣ ከቆርቆሮው ሥር፣
ቮልሴ ቆማለች፣ ሦስተኛ ክረምቷ፣ በአራት ድንጋይ፣ ያለ እግር።
የጅማ ዝናብ እንደሁ አንዴ ከጀመረ ማቆም ይረሳል፣
ብሎንን ከጭስ ማውጫ ጋር በዝገት ቃል ኪዳን ያስራል።

ቅዳሜ ጧት እጅጌዬን ጠቅልዬ፣
የአሥራ ሦስት ቁጥሩን መፍቻ ከሻንጣው ነቅዬ፣
ገባሁ ከሥሯ በጀርባዬ።
ገፋሁ። ገፋሁ።
ብሎኑ ንቅንቅ አላለም፤
መፍቻው ግን አፉን ከፈተ፣ እንቅልፍ እንዳጣ ሰው ሲያዛጋ፣
ተንሸራቶም የጣቶቼን ቆዳ ላጠው እስከ ሥጋ።
የብሎኑ ስድስት ማዕዘን ተሸራርፎ ክብ ሆነ፤
የጂኦሜትሪ አስተማሪ በገዛ እጁ ተፈተነ።

ደሜን በጨርቅ ስጠርግ ራውዳ በአጥር ላይ አየችኝ፤
ባጃጅ ጠጋኝ ናት፣ ጎረቤቴ፤ ሳቋን ውጣ አዘነችልኝ።
«ቲቸር፣ ይሄ እኮ» አለች፣ መፍቻውን በጥፍሯ ገፋ አድርጋ፣
«ብረት አይደለም፤ ብር የተቀባ እርጎ ነው፣ ያውም ያልረጋ።»

ሐሙስ ሂርማታ ወሰደችኝ።
ከሽንኩርት ተራው አልፈን፣ ከሰሌን ሻጮቹ ታጥፈን፣
ጭቃውን በጠጠር ዘለን፣ የባጃጅ ጥሩንባ ሸሽተን፣
አባ ፊጣ ጋ ደረስን፤ ማዳበሪያ ላይ ብረት ዘርግተው፣
ሦስት እግር በርጩማቸው ላይ፣ ጃንጥላ ከትከሻ አጋድመው።

ማርካውን አላነበበችም። ዋጋም ቀድማ አልጠየቀች።
አንዱን አነሳች፣ በመዳፏ እንደ ሎሚ መዘነች፣
ከድንጋይ ላይ ጣለችውና «ስማው» አለችኝ፤ ሰማሁ፦
ዱብ። እንደ እርጥብ ማገዶ። መልሼ አስቀመጥሁ።
ሌላውን ጣለች፤ እንደ ትምህርት ቤት ደወል ጮኾ ቀስ ብሎ ጠፋ፣
«ይሄስ እሳትም ውሃም ጠጥቷል» አለች፣ ዓይኗ በደስታ ሰፋ።
አፉን በኪሷ ካለ ብሎን ጋር ለካች፤ ፒንሳውን ለብርሃን አንስታ፣
«ፀሐይ የሚያሾልክ ፒንሳ ሽቦ አይዝም» አለች ተቆጥታ።
«ደግሞስ አርባ ሁለት ለምንህ ነው? ቮልስህ የምትጠይቅህ
አሥር፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ ሰባት... ሌላው ሻንጣ ማክበጃህ።
ለምትፈታው ብሎን ብቻ ግዛ፤ ሲቸግርህ ትጨምራለህ፣ ጨምር፤
መጥፎ መፍቻ ሦስቴ ያስከፍላል፦ በብሩም፣ በብሎኑም፣ በጣትህም ጭምር።»

አባ ፊጣ ዝም ብለው ሲያዩን ቆዩና፣
«ይቺ ልጅ» አሉ «ገበያዬን ዘጋችው፤ ጆሮዋ ሚዛን ሆነና።»

ሦስት ብረት ይዤ ተመለስኩ፤ ሦስት ብቻ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ፣
የአርባ ሁለቱን ግማሽ ዋጋ ከፍዬ።

አሥራ ሦስት ቁጥሩ እጀታው ላይ ሁለት ፊደል ተጭሮበታል፦
ከ. ወ. ይላል፣ በምስማር፣ በችኮላ፤ ማን ይሆን? የት ሄዷል?
የሊሙ መንገድ ላይ፣ ጭነት መኪና ሥር የተጋደመ ረዳት?
የእንጨት መሰንጠቂያ ጠጋኝ? ወይስ ልጁ ያልወረሰው አባት?
አውራ ጣት በሚያርፍበት በኩል ጎድጎድ ያለ ቦታ አገኘሁ፤
የእሱ ጣት የበላው ይሆናል። የእኔንም እዚያው አኖርሁ።

ማታውን ዘይት አጠጥቼ፣ በነጋታው ከአራቱ ብሎን ሦስቱን ፈትቼ፣
«ጭቅ» ሲል፣ ዝገት ቃል ኪዳኑን ሲክድ፣ ብቻዬን ሳቅሁ፣ በጀርባዬ ተኝቼ።
አራተኛው፣ ክብ ያደረግሁት፣ አሁንም አለ፤ አልተነካም፤
ቮልሴም ገና አልተነሳችም። እውነቱን ልናገር? አልቸኩልም።

ሻንጣውን ልጄ ሐዊ ለእርሳሷ ፈለገችው፤ ሰጠኋት።
«ብረቱንስ?» ስትል «ለክፍል ማስተማሪያ» አልኳት፦
ስድስት ማዕዘን እንዴት ክብ እንደሚሆን ለማሳየት።

የከ. ወ. መፍቻ ግን መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ዘይት በነካው ጨርቅ ያድራል።
ትናንት ስሜን ልጭርበት ምስማር አነሳሁና ተውኩት፤ ቦታው አለ፣ ይደርሳል።