ያላረጀችው

በዜሙን፣ ከዳኑብ ዳር፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አጎነበሰ ራዲቮይ።
መዳፍ የማትሞላ ተዋጊ፤ ብርማ ቀባና ጨው ነሰነሰባት፣
ጨው ላይ አረንጓዴ ነፋባት፤
ሲደርቅ በጥርስ ብሩሽ ፍቆ፣
የስንት ዘመቻ ልጣጭ አወጣላት፣ ጨዉን አስለቅቆ።
ከጭስ ማውጫዋ ጥላሸት፣ ከሆዷ ዘይት አወረደ፣
«አሁን አረጀሽ» አላት፤ ፎቶውን ሊያመሳክር ሄደ።

የአያቱ ወንድም ስቬቶዛር፣ በጦርነቱ ዋዜማ፣ ካፖርት ደርቦ፣
እጁን ከክንፏ ስንዝር አርቋል፣ ቀለም እንዳይነካው ሰብስቦ።
ለካ ገና እርጥብ ነበረች!
ውጊያው በገባ በስድስተኛው ቀን ወደቀች።
እሷም አላረጀች፣
እሱም።

ራዲቮይ ጥጥ አልኮል ነክሮ
ዕድሜዋን ከላይዋ ጠረገ፤
እንደ አዲስ ቀባት።
ሊያነሳት ሲል አውራ ጣቱ እርጥቡ ክንፍ ላይ አረፈ፤
አሻራው ተረፈ።