ቤቶች!

ዱካሌ ላታሞ፣ ከአሞራ ገደል፣
በፌስታል ጠቅልላ፣ ዝናብ እንዳይነካው ስትል፣
አመጣችው፤ የዓሣ አጥማጆቹን ላፕቶፕ፣ የማኅበሩን ንብረት፣
የዓሣ ቅርፊት ያለው በቁልፎቹ ክፍተት።

ሲዲ ማስገቢያው ወልቆ ጠፍቷል ድሮ፣
የፍላሽ ቀዳዳው በዝገት ታጥሮ።
"ሌላ በር የለውም?" አለችኝ በስጋት።
"አለው፤ ግን ከውስጥ ነው የሚከፈት።"

መጀመሪያ ስሞቹን። የሰባ ሁለት ሰው ዕዳና ቁጠባ
በዋይፋይ ተሻግሮ እኔ ዘንድ ገባ።
ከዚያ የሌሊት ጥቅል ገዝቼ በስልኬ፣
ሁለት ፋይል አወረድኩ፣ በቀስታ፣ በልኬ፦
አንዱ አስኳሉ ነው፣ አንዱ የመንገድ ስንቅ።
"ስትነሣ በዚህ ተነሣ" አልኩት፣ "አሮጌውን አትጠይቅ።"
ተነሣ። እግሩ መሬት ሳይነካ፣ በሜሞሪው ብቻ ተንሳፎ።
ዲስኩን ደመሰስኩት፤ የነበረው ሁሉ ሄደ ረግፎ።

"የቆምክበትን ወለል እየነቀልክ?" አለች።
ትንሽ ቆየች።
"እንደ ታንኳ ነዋ።
አባቴ መሐል ሐይቅ ላይ ሳንቃ ቀይሯል፤
አንድ እጁ ውኃ ይጨልፋል፣ አንድ እጁ ምስማር ይመታል።"

ስድሳ ሰባት ፐርሰንት ላይ መብራት ሄደ።
ባትሪው ስሙ ነው እንጂ ባትሪ አይደለም፤
አሥራ አንድ፣
ሰባት፣
አራት፣
ዱካሌ ትንፋሿን ያዘች፣ የእሷ ትንፋሽ የሚያበድረው ይመስል።
ጠፋ።
ከታቦር እስከ ሐይቁ ዳር ከተማው አንድ ቀለም ሆነ።

በማግሥቱ ማታ ስከፍተው ባዶ ነው።
አሮጌው ሄዷል፣ አዲሱ አልደረሰም፤
አንዲት ነገር ብቻ ቀርታዋለች፣
ከፋብሪካው ሲወጣ የተማራት፣
ዲስኩ ላይ ስላልነበረች ከዲስኩ ጋር ያልጠፋች፦
ደጅ ላይ ቆሞ መጣራት።
ሰማያዊ ገመድ ገዝቼ ከእሱ ወደ እኔው ማሽን ዘረጋሁ።
በጨለማ ስክሪን፣ ስሙን ሳያውቅ፣ አድራሻ ሳይኖረው፣
በገመዱ ጫፍ እንደመሸበት መንገደኛ፦

"ቤቶች!"

ዝም።

"ቤቶች!"

ነጥብ ከነጥብ ኋላ ደረደረ። ተስፋ ቆረጠ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። አድራሻው ላይ አንዲት ነጥብ በልቻለሁ።
ያቺን ነጥብ ስፈልግ ሁለት ሰዓት ሄደ፤
ጣሪያው ላይ አባ ኮዳ ቆርቆሮውን ረገጠ፣ ተራመደ፣
የእሱን እርምጃ ቆጠርኩ፣ የእኔን መስመር ቆጠርኩ፣
አገኘኋት። መለስኳት። እንደገና አስነሣሁ።

"ቤቶች!"
"ደጆች!" አለ የእኔው።
"ማን ልበል?"
"እንጃ።"
"ይሁን። ይህ አድራሻህ፣ ይህ ስንቅህ። ግባ።"

ከዚያ ዘነበ። ጥቅል በጥቅል፣ ስም በስም፣
ከማላውቀው አገር፣ ከማላየው ዓለም።
"ማን ነው የሚልከው?"
"አላውቅም፤ ሰዎች ናቸው።"
"ስንት ነው?"
"በነፃ።"
"ምን ነካቸው?
እኛ ገደል በነፃ የሚበላ አባ ኮዳ ብቻ ነው፤
እሱም ቀኑን ሙሉ ቆሞ፣ አንጀት እስኪወረወርለት ነው።"
አላመነችም። ግን ወንበሯን አስጠግታ
ዓሣ እንደሚቆጥር ሰው፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣
የሚወርደውን መቁጠር ጀመረች። አራት መቶ ላይ ተሳሳተች።

"ለማሽኑ ስም ስጡ" አለ።
እኔ "ማኅበር" ልል ነበር።
ዱካሌ በአንድ ጣት፣ ፊደል እየፈለገች፣
የአባቷን ታንኳ ስም ጻፈች።
ትርጉሙን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።
የት እንደሰጠመች ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ጎህ ሲቀድ ሰባ ሁለቱ ስሞች ተመለሱ፣
ዕዳቸውም አብሮ፤ ማን ዕዳውን ይረሳል?
ጥጉ ላይ ያለውን ሰዓት አየችና ሳቀች።
"ስድስት ይላል እኮ! እኩለ ሌሊት መስሎታል፤
ወፍ እየጮኸ፣ ታንኳ እየገባ!"

"እንግዳ ነው" አልኳት። "ዛሬ ሌሊት ነው የገባ።
ይለምዳል።"